ስፔናዊ መሆን የተከለከለው ተኩላ፦ ስለ አሮጌና ጉድለታም የስፔን አስፈሪ ፊልሞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የፊልም ወዳጆች፤

በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ማድሪድ ውስጥ ለመንግሥት ሳንሱር አንድ የፊልም ጽሑፍ ቀረበ። ጽሑፉ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወደ ተኩላነት እየተለወጠ ሰው ስለሚገድል፣ ሲነጋ ደግሞ በሠራው ሥራ እየተጸጸተ ስለሚሠቃይ መከረኛ ሰው የሚተርክ ነበር። ደራሲው ኻሲንቶ ሞሊና በክብደት ማንሳት ውድድር ያለፈ የማድሪድ ሰው ሲሆን፣ ባለታሪኩን የአገሩ ልጅ፣ የአስቱሪያስ ተወላጅ አድርጎ ነበር የፈጠረው። ሳንሱሩ ግድያውንም ሆነ አስማቱን አልከለከለም፤ ያልተዋጠለት ነገር ቢኖር የተኩላው ዜግነት ነው። በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ ስፔን ውስጥ ስፔናዊ ተኩላ ሊኖር አይችልም ተባለ። ስለዚህ ባለታሪኩ ቫልደማር ዳኒንስኪ የሚባል የፖላንድ መኳንንት ሆኖ በ1968 «የሰው-ተኩላው ምልክት» በተሰኘው ፊልም ብቅ አለ።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ስፔን የራሷ ሰው-ተኩላ በፍርድ ቤት መዝገቧ ላይ የሰፈረላት አገር መሆኗ ነው። በጋሊሲያ ማኑኤል ብላንኮ ሮማሳንታ የተባለ ተዘዋዋሪ ነጋዴ በተከታታይ ግድያ ተከስሶ በ1853 ሞት ሲፈረድበት፣ የገደልሁት በእርግማን ተኩላ እየሆንሁ ነው ሲል ቃሉን ሰጥቶ ነበር፤ ንግሥት ኢሳቤል ሁለተኛም የሞት ፍርዱን አንሥታለታለች። ሳንሱሩ የገዛ አገሩን ታሪክ ከፖላንድ እንዲመጣ አዘዘ ማለት ነው።

መከራው በዚህ አላበቃም። ተኩላውን እንዲጫወት መጀመሪያ የታሰበው ሆሊውድ ውስጥ በዚህ ዓይነት ሚና ስሙን የተከለው ሎን ቼኒ ጁኒየር ነበር፤ እሱ ግን ዕድሜውም ጤናውም ስላልፈቀደለት ሳይሆን ቀረ፣ ደራሲውም ራሱ ፀጉራሙን ሜካፕ ለብሶ ካሜራ ፊት ቆመ። የፊልሙ የጀርመን ሸሪኮች ደግሞ የስፔን ስም ገበያ ላይ አይሸጥም ስላሉ፣ ከሮማው ፖፕ ከጳውሎስ ስድስተኛና ናጂ ከተባለ የሃንጋሪ ክብደት አንሺ ስሞች አዳቅሎ ሞሊና ፖል ናሺ ተባለ። ፊልሙ አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀው። አከፋፋዩ ለሲኒማ ቤቶች የፍራንከንስታይን ፊልም አመጣለሁ ብሎ ቃል ስለገባ፣ ፍራንከንስታይን የሚባል ፍጡር በጥላው እንኳ ለማይታይበት ለዚህ ፊልም የፍራንከንስታይን ርእስ ሰጠው፤ ተመልካቹ እንዳይጮኽበትም የፍራንከንስታይን ዘሮች ከጊዜ በኋላ ተረግመው ተኩላ ሆኑ የሚል አጭር የአኒሜሽን መግቢያ ከፊቱ ለጠፈበት።

ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ብዙ ሰዎች ስለነዚህ ፊልሞች ሲያወሩ የሚሰጡት ማብራሪያ ስለማያረካኝ ነው። ማብራሪያው አጭር ነው፦ ፊልሞቹ መጥፎ ናቸው፣ መጥፎነታቸው ያስቃል፣ ስለዚህ ይወደዳሉ። ሳቅ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ላስቲክ ጭምብል አይቶ የሚስቅ ሰው በአሥረኛው ደቂቃ ይሰለቻል፤ ፊልሙ ግን ገና ሰማንያ ደቂቃ ይቀረዋል። ይህን ሰማንያ ደቂቃ በፍቅር የሚጨርስ፣ ጨርሶም ሌላውን የሚፈልግ ተመልካች በመኖሩ፣ ከሳቅ ሌላ የሚስበው ነገር መኖር አለበት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ነገር ሁለት ፊልሞችን በአንድ ጊዜ የማየት ዕድል ነው፦ አንደኛው የሚተረክልን ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታሪኩ በነዚያ ሰዎች፣ በዚያ አገር፣ በዚያ የገንዘብ እጦትና በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሲሠራ የሚያሳየው ፊልም ነው። በሚገባ የተሠራ ፊልም ሁለተኛውን ይደብቅብናል። እነዚህ ግን መደበቅ አልቻሉም።

እስቲ ጉድለቶቹ ከየት እንደመጡ በቅርብ እንያቸው። ፍራንኮ ሥልጣን ላይ ከወጣበት ከ1939 ጀምሮ ፊልም ሁሉ በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር፤ ሳንሱሩ የሚመራበት ደንብ በጽሑፍ የወጣው ግን ማኑኤል ፍራጋ የማስታወቂያና የቱሪዝም ሚኒስትር በነበረበት በ1963 ነው። አስፈሪ ፊልም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ማምለጫ ያገኘው ክፉው ሁሉ ውጭ አገር የሚፈጸም እስከሆነ ድረስ ነበር። የዘመናዊው የስፔን አስፈሪ ፊልም መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው የ1962ቱ «ጩኸት በሌሊት»፣ የልጁን የተበላሸ ፊት ለመጠገን የሌሎች ሴቶችን ቆዳ ስለሚገፍ ሐኪም ሲናገር፣ ታሪኩን የሚያካሂደው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ናርሲሶ ኢባኜስ ሴራዶር በ1969 የሠራው «አዳሪ ቤቱ» እንዲሁ የፈረንሳይ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ይካሄዳል፤ ይህ ፊልም በነገራችን ላይ በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ ከዛሬው ርእሳችን ይወጣል። ሌሎቹ ወደ ፖርቱጋል፣ ወደ ሃንጋሪ፣ ወደ ሳይቤሪያ ይሰደዳሉ። ካሜራው ግን ከማድሪድ ብዙም ርቆ መሄድ አይችልም፤ የነዳጅና የሆቴል ገንዘብ የለማ። ስለዚህ በካርታ ላይ የሌለ አገር ተፈጠረ፦ ሰዎቹ የምሥራቅ አውሮፓ ስም ይዘው በካስቲያ ደረቅ ኮረብታና የጥድ ዛፍ መካከል የሚሸሹበት፣ የመንደሩ ቤት የስፔን፣ የመቃብሩ ጽሑፍ የሌላ አገር የሆነበት ስፍራ። ለታሪክ አስተማሪ ይህ ስሕተት ነው፤ ለቅዠት ግን ከዚህ የተሻለ መልክዓ ምድር አይገኝም፤ ሰው በሕልሙ የሚያየው ከተማ ሁልጊዜ እንዲህ የሚያውቀውና የማያውቀው የተቀላቀለበት ነውና።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች ሲቀረጹ ድምፅ አልተቀረጸም፤ የስፔኑ፣ የጣሊያኑና የጀርመኑ ተዋናይ እያንዳንዱ በሚቀናው ቋንቋ ይናገርና ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ድምፅ ያለብሱታል። በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን የለመደ የእኛ ተመልካች የከንፈርና የድምፅ አለመገናኘት አይገርመው ይሆናል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የቱርኩ ድራማ ወደ ኋላ ተመልሰው ቢያዩት የራሱ ድምፅ አለው፤ እዚህ ግን ወደ ኋላ ብንመለስም የምናገኘው የመጀመሪያ ድምፅ የለም። የእግር ኮቴውም፣ የበሩ ሲጢጥታም፣ የተዋናይዋ ጩኸትም ከሰውነታቸው ተለይተው ከሌላ ክፍል የመጡ ናቸው፤ ሙታን ስለሚናገሩባቸው ታሪኮች ይህ ሳይታሰብ የተገኘ ሲሳይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድርብ ቅጂ ነው። ለአገር ውስጥ ተመልካች ሴቶቹ ለብሰው፣ ለውጭ ገበያ ደግሞ ያንኑ ትዕይንት ሳይለብሱ ይቀረጹት ነበር። የቀረጻው ቀን በዚህ ላይ ይከፈላል፣ የታሪኩ መስመር ይበጠሳል፤ ከዚያም የየአገሩ አከፋፋይ የፈለገውን ቆርጦ የፈለገውን ይቀጥላል። «የትኛው ነው ትክክለኛው ፊልም?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልለፍ፤ ስሙ ከአምባገነኑ ስም ጋር ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም። ኸሱስ ፍራንኮ በ1930 ማድሪድ ተወለደ፤ ሙዚቃ የተማረ የጃዝ ሰው ነበር፣ በብዕር ስሞቹም ውስጥ ክሊፎርድ ብራውንን የመሰሉ የጃዝ ተጫዋቾች ስም እናገኛለን። «ጩኸት በሌሊት» የእሱ ነው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ በ1960ዎቹ አጋማሽ ስፔን ውስጥ የሼክስፒርን ፋልስታፍ ሲቀርጽ የሁለተኛውን የቀረጻ ቡድን ሥራ የሰጠው ለእሱ መሆኑን የሚሰማ ሰው ደንገጥ ይላል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጡት ፊልሞቹ የችኮላ ምሳሌ ሆነው ነው የሚጠቀሱት። እስከ ሞተበት እስከ 2013 ድረስ ወደ 200 የሚጠጉ ፊልሞችን ሠርቷል። አንዱን ሳይጨርስ በዚያው ሆቴልና በነዚያው ተዋንያን ሌላውን ይጀምራል። ካሜራውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማዘዋወር ሐዲድና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ባለበት ቆሞ በዙም ይስባል፣ ይገፋል፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ደግሞ ያጣዋል። ዙሙን የሚጠሉ አሉ፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የጃዝ ሰው መሆኑን ካሰብሁ ወዲህ ይህን ፍለጋ ዜማ እንደሚፈልግ ጣት አድርጌ አየዋለሁ፤ ተሳክቶለት ሲገኝም አልፎ አልፎ ያምራል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሳካለትም።

ከፊልሞቹ አንዱ የ1970ው «ኮንት ድራኩላ» ነው። እንግሊዛዊው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሊ በዚህ ፊልም ላይ የተስማማው ከብራም ስቶከር ልብ ወለድ ሳይርቅ ይሠራል ስለተባለ ነበር። በእርግጥም ድራኩላው እንደ መጽሐፉ ሽማግሌ ሆኖ ይጀምርና ደም በጠጣ ቁጥር ወጣት ይሆናል። ተኩላ የተባሉት እንስሳት ግን ማንም የሚያውቃቸው የጀርመን ውሾች ናቸው። አንድ ትዕይንት ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ በጌጥነት የተቀመጡ፣ ቆዳቸው በጭድ የተሞላ እንስሳት ሕይወት ዘሩ ተብሎ ሰዎቹን ያስደነግጣሉ፤ የምናየው ግን ከካሜራው ውጭ ባለ እጅ የሚነቀነቁ ደረቅ አውሬዎችን ነው።

እዚሁ ቀረጻ ቦታ ላይ ሌላ ካሜራ ነበረ። የካታሎኒያው ፔሬ ፖርታቤያ፣ የዳይሬክተር ሉዊስ ቡኙኤልን «ቪሪዲያና» ካዘጋጁት ፕሮዲዩሰሮች አንዱ የነበረው ሰው፣ የኸሱስ ፍራንኮ ቡድን ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ በጥቁርና ነጭ የራሱን ፊልም ቀረጸ፤ «ቫምፒር-ኩዋዴኩክ» ይባላል። ድራኩላው ሲመጣ እናያለን፣ ወዲያው ደግሞ ጭስ የሚነፋውን መሣሪያና የሸረሪት ድር በማራገቢያ የሚረጨውን ሠራተኛ እናያለን። ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ ማሽን የሚመስል ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ዝምታ ብቻ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ክሪስቶፈር ሊ ሜካፑን ካወለቀ በኋላ የድራኩላን አሟሟት ከመጽሐፉ ያነብልናል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ማታለያው ሁሉ ፊት ለፊት የተጋለጠበት ይህ ፊልም ከዋናው ፊልም የበለጠ የሚያስፈራ መሆኑ ነው። ጭሱ ከመሣሪያ እንደሚወጣ እያየን ጭሱ ውስጥ የቆመው ሰው ያስደነግጠናል። ፖርታቤያ በ1970 በዓይኑ ያየው፣ የዛሬ የነዚህ ፊልሞች ወዳጅ ደግሞ ሳያውቀው የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ የተሠራውንና ሲሠራ የሚታየውን አንድ ላይ ያያል፣ መሠራቱን ማወቁም ፍርሃቱን አይገድልበትም።

ስለ ዓይን ካነሣሁ ስለ አማንዶ ዴ ኦሶሪዮ ዓይን አልባ ሙታን ሳልናገር አላልፍም፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬ እዚህ የቆምሁትም ለእነሱ ስል ነው። ዴ ኦሶሪዮ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1975 ድረስ ስለ ቴምፕላር ፈረሰኞች አራት ፊልሞችን ሠራ። ቴምፕላሮች በመስቀል ጦርነት ዘመን የነበሩ ተዋጊ መነኮሳት ሲሆኑ፣ ማኅበራቸው በ1312 በፖፑ ትእዛዝ ፈርሷል፤ በፊልሞቹ ውስጥ ግን ከምሥራቅ የዘላለም ሕይወት ምሥጢር ይዘው የተመለሱ ደም ጠጪዎች ናቸው። ከተሰቀሉ በኋላ ዓይኖቻቸውን አሞሮች በልተዋቸዋል፤ ይህ በመጀመሪያው ፊልም ነው። በሁለተኛው ግን የመንደሩ ሰዎች ዓይናቸውን በችቦ ያቃጥሏቸዋል። ዳይሬክተሩ የራሱን ታሪክ ረስቶ ይሁን ወይም ችቦው ለካሜራ የተሻለ መስሎት፣ ማስተካከያ የሚባል ነገር የለም። ከመቃብር የሚነሡበትን ትዕይንትም ከመጀመሪያው ፊልም ቆርጦ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ተጠቅሞበታል።

የመጀመሪያው ፊልም ታሪክ ፖርቱጋል ውስጥ ይካሄዳል። አንዲት ወጣት ከጓደኞቿ ጋር ተኳርፋ ከሚሄድ ባቡር ላይ ትዘልና በፈረሰ ገዳም ውስጥ ለማደር ትገደዳለች። መቃብሮቹ ሲከፈቱ የሚወጡት ከአጥንትና ከአሮጌ ጨርቅ የተሠሩ የሚመስሉ ፍጡራን ናቸው። አያዩም፤ የሚያድኑት በጆሯቸው ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ የሚያመልጥ ሰው መሮጥ ሳይሆን ዝም ማለት አለበት፣ የልብ ትርታ ሳይቀር ያጋልጣልና። ከዚያም በፈረስ ይወጣሉ። ፈረሶቹ በዝግታ፣ በስሎ ሞሽን ይጋልባሉ፣ ካባው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ አንቶን ጋርሲያ አብሪል ያቀናበረው የመነኮሳት ዝማሬ የሚመስል ሙዚቃ ይከተላቸዋል።

ጉድለቱን ልቁጠረው? ሌሊት የተባለው በቀን ተቀርጾ በማጣሪያ የጠቆረ በመሆኑ ሰማዩ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ይቀያየራል። የሚሸሹት ሰዎች ዕውር አሳዳጅ በእርምጃ ሲመጣባቸው ቆመው ይጠብቁታል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሆኖም ዝግታው ራሱ ከጥቂት ገንዘብ የተገኘ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ በፍጥነት ቢንቀሳቀሱ ጨርቅና ሙጫ መሆናቸው ይታወቅ የነበሩ ፍጡራን በዝግታው ክብደት ያገኛሉ፣ የጥንት ዘመን ራሱ እየጋለበ የሚመጣ ይመስላል። አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህን ከመቃብር ተነሥተው ሚኒ ስከርት የለበሱ ወጣቶችን የሚቀጡ የመስቀል ተዋጊዎች የፍራንኮ ሥርዓት ምሳሌ አድርገው ያነቧቸዋል። ዳይሬክተሩ ይህን አስቦ ነበር ብዬ አልከራከርም። የ1970ዎቹ መጀመሪያ የስፔን ተመልካች ግን ያረጀ፣ የማያይ፣ ሁሉን የሚሰማ፣ ለመሞት እምቢ ያለ ኃይል ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም ነበር። ጄኔራል ፍራንኮ የሞተው በኅዳር 1975 ነው፤ ሳንሱሩ የተሻረው በ1977።

ያው ድህነት ሁልጊዜ ይህን ፍሬ አያፈራም። በዚያው ዳይሬክተር ሦስተኛ ፊልም ላይ ቴምፕላሮቹ በጉም ውስጥ በሚንሳፈፍ የሙታን መርከብ ላይ ናቸው፤ ሐሳቡ ድንቅ ነው፣ መርከቡ በእሳት ሲቃጠል ግን ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ አሻንጉሊት መሆኑን ሕፃን ልጅ ይለየዋል። እዚህ ላይ ስቄያለሁ፤ ሲሠራ የሚታየው ፊልም የሚተረከውን ዋጠው። ከዚህ የከፋም አለ። በ1973ቱ «የሬሳ ክፍሉ ጎባጣ» ላይ ናሺን የሚወሩት አይጦች እውነተኛ ናቸው፣ ሲቃጠሉም እውነተኛ እሳት ነው፤ ይህን በምንም ውበት አልሸፍነውም። ሴት ተዋንያን ላይ የሚደረገውም ብዙ ጊዜ ከታሪኩ ፍላጎት የመጣ ሳይሆን ከውጭ ገበያው ትእዛዝ የመጣ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች ደግሞ በቀላሉ አሰልቺ ናቸው፤ ሰዎች መኪና ውስጥ ገብተው ሲነዱ፣ ሲወርዱ፣ በር ሲከፍቱ ሩብ ሰዓት ያልፋል።

በሌላ በኩል ሐሳቡ ከእብደት አልፎ ግጥም የሚሆንበት አለ። ኤውኼኒዮ ማርቲን በ1972 ስለ ሜክሲኮው አብዮተኛ ስለ ፓንቾ ቪያ ለሚተርክ ፊልም የተሠራውን ባቡር መልሶ ተጠቅሞ «ሽብር በትራንስ-ሳይቤሪያ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ክሪስቶፈር ሊና ፒተር ኩሺንግ ከአንድ ጥንታዊ ፍጡር ዓይን ፈሳሽ ቀድተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ ዓይኑ ያየውን ሁሉ አስቀምጦ ኖሯል፣ ዳይኖሰርም፣ ከጠፈር የታየች ምድርም ይታያሉ። ሳይንሱ ከንቱ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ግን ፊታቸውን ሳያጣምሙ በሙሉ ክብር ስለሚጫወቱት፣ ተመልካቹ ለደቂቃ ቢሆን ኖሮ ብሎ ያስባል።

ከሳንሱሩ መሻር በኋላ የመጣው ዘመን ለእኔ ብዙም አይማርከኝም። በ1982 ኹዋን ፒኬር ሲሞን የሠራው በመጋዝ የሚገድል ሰው ታሪክ ቦስተን ውስጥ ነው ይላል፣ የተቀረጸው ግን ስፔን ነው፤ በ1942 በተባለው መክፈቻው ላይ በዚያ ዘመን ያልነበረ ባለ ቁልፍ ስልክ ይታያል። በ1983 ማብቂያ ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሯ ፒላር ሚሮ በመንግሥት የፊልም ኃላፊነቷ ያወጣችው ደንብ ገንዘቡን ጥራት ወዳላቸው ጥቂት ፊልሞች አዞረው፤ የርካሽ አስፈሪ ፊልም ሠሪዎች ምርኩዝ ተነቀለ። ናሺ በዚያው ዓመት ዳኒንስኪን ከጃፓኖች ጋር ተባብሮ ወደ ሳሙራይ ዘመን ላከው፤ የፖላንዱ መኳንንት ስደት ቀጠለ ማለት ነው። ክብሩ የመጣው ዘግይቶ ነው፦ ለናሺ በ2001 የሥነ ጥበብ የወርቅ ሜዳሊያ፣ ለኸሱስ ፍራንኮ በ2009 የስፔን የፊልም ሽልማት የሆነው የክብር ጎያ።

አሁን ፊልሞቹ ተጠግነው በጥራት ይታያሉ፤ በዚህም ምክንያት ቀድሞ በደበዘዘ ቪዲዮ ካሴት ላይ ተሸፍኖ የነበረው ሙጫና ክር ዛሬ ፍንትው ብሎ ይታያል። ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይህ ነው። የቴምፕላሮቹን የመጀመሪያ ፊልም በስፔንኛ ድምፅና በግርጌ ጽሑፍ ይመልከት፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ተቆርጧል። ቀጥሎ ባቡሩን ይሳፈር። ፖርታቤያን ከ«ኮንት ድራኩላ» በኋላ እንጂ በፊት እንዳያይ እለምናለሁ። ከናሺ ደግሞ ሊዮን ክሊሞቭስኪ በ1971 በመራውና ገበያው በደራለት «የቫልፑርጊስ ሌሊት» ቢጀምር ይሻላል፤ ክሊሞቭስኪ ቀድሞ የጥርስ ሐኪም የነበረ አርጀንቲናዊ ሲሆን፣ የቫምፓየር ሴቶቹ በጉም ውስጥ በዝግታ ሲመጡ ዴ ኦሶሪዮ ከየት እንደተማረ መገመት አያዳግትም።